እጄና ዘጠነኛ ሐ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዳይሬክተሯ ጠራችኝ። ጠዋት፣ ገና ፊሽካዬን ከአንገቴ ሳላወርድ። የሳምንት ክፍለ ጊዜህ ጎድሏል አለች። ስፖርት ብቻ ይዤ አይሞላም፣ ሁለት ይቀረኛል። እና ምን ብትሰጠኝ ጥሩ ነው? የሕይወት ክህሎት! ተማሪው በሙሉ "ቡጢ" እያለ የሚጠራኝን ሰውዬ፣ ቁጣን ስለ መቆጣጠር አስተምር አለችኝ። ጅብን የአህያ ዘበኛ ማድረግ ይሉታል ይሄ ነው። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"ዘጠነኛ ሐን ነው የምትይዘው።"

"እነሱንማ ፖሊስ ይያዛቸው።"

"ፖሊስ እንዳይዛቸው ነው አንተ የምትይዛቸው።"

ዘጠነኛ ሐ... አርባ አንድ ተማሪ። ግማሹ ከላይ ሰፈር፣ ግማሹ ከታች ሰፈር። አምና ብቻ ከዚያ ክፍል ሦስቱ ታስረዋል፣ አንዱ ሞቷል። በድንጋይ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ከላይ ሰፈር የመጡ ሲወረውሩ። ማን እንደወረወረው እስካሁን አልታወቀም። ወይም ሁሉም ያውቃል፣ እኛ ብቻ አናውቅም።

መጽሐፍ ሰጠችኝ። ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ ላይ ልጆች ይስቃሉ። ገጽ ሁለት ላይ "መምህሩ ራሱ የዕለት ማስታወሻ ቢይዝና ቁጣውን ቢከታተል ይመከራል" ይላል። እሺ፣ ይኸው ያዝኩ። የዛሬ ቁጣ፦ አንዴ በዳይሬክተሯ፣ ሁለቴ በታክሲ ሹፌር፣ አንዴ በመጽሐፉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። ምዕራፍ አንድ፣ "ራስን ማወቅ"። ጥሩ ጎናችሁንና ድክመታችሁን ጻፉ አልኳቸው። አንዱ ጥሩ ጎኑን "ድንጋይ ስወረውር አልስትም" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ጥሩ ጎን የለኝም፣ እናቴን ጠይቅ"። ከላይ ሰፈር አንድ ወፍራም ልጅ አለ፣ ጎማ ይሉታል። ድክመቱን "ምሳ" ብሎ አረፈው። ሳልወድ ሳቅሁ።

አንድ ወረቀት ግን አላሳቀኝም። መስኮቱ ጥግ የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ፣ ሚስማር የሚሉት። ከታች ሰፈር ነው። አምና የሞተው ልጅ ታላቅ ወንድሙ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነው የጻፈው፦ "አልረሳም።" ጥሩ ጎኑ ይሁን ድክመቱ አልለየውም።

ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከኋላ ወንበር ተገለበጠ። ሁለት ልጆች። አንዱ የወንበር እግር ነቅሎ የሌላውን አፍ መታ። ጥርስ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁ... ነጭ፣ ትንሽዬ። ዘልዬ ደረስኩና ባለ እንጨቱን አንገቱን ያዝኩት። ቀኝ እጄ ተነሳ። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ። ሁሉም ይጠብቃል... ቡጢ ሊመታ ነው!

አልመታሁም። አወረድኩት። ለምን እንዳወረድኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ዛሬ አልጽፈውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ድንገተኛ ክፍል። ምሳ ላይ፦

"ትናንት ከናንተ ሁለት ሰፋሁ። አንዱን ቅንድቡን፣ አንዱን ከንፈሩን።"

"ከንፈሩ የኔ ነው። ዘጠነኛ ሐ።"

"እኔና አንተ እኮ አንድ ፋብሪካ ነው የምንሠራው። አንተ ትልካለህ፣ እኔ እጠግናለሁ።"

ሳቀች። እጇን ግን አየሁት። ልጁ እየሰፋችው እጇን ነክሷት ነበር፤ የጥርሱ ምልክት ላይ ቀይ መድኃኒት ቀብታበታለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ በር ላይ አየሁት። ሞኖን። ዘበኛው "ሂድ አንተ፣ ጥፋ ከዚህ!" እያለ ዱላውን ይነቀንቅበታል። እሱ ቆሞ ያኝካል። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጆሮውን ነው የሚያዞረው፣ ግራው አይሰማም። ተማሪዎቹ ሞኖ ያሉት ለዚህ ነው፤ ባንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ቴፕ መሆኑ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አሁን ለላይ ሰፈሮቹ አለቃ ሆኗል ይላሉ። ሲያየኝ ማኘኩን አቆመ። አልሸሸም፣ አልተሳደበም። እኔ ነኝ ቀድሜ ዓይኔን ከሱ ላይ ያነሳሁት።

በቃ ልጻፈው። ለራሴ አይደል?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስምንተኛ ክፍል እያለ። ሰልፍ ላይ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው እንኳ አልጠየቅኩም። በጥፊ መታሁት። አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ በኔ እጅ ማለት ግን... አሥር ዓመት የቦክስ ጓንት የተሸከመ እጅ ነው። ጆሮውን ይዞ ቁጭ አለ። የስፖርት ዕቃ ቤት አስገባሁትና "ወድቄ ነው በል፤ ከተናገርክ ትባረራለህ" አልኩት። በማግስቱ ጆሮው እየደማ ክሊኒክ ወሰዱት። ታምቡሩ ተቀዷል። የአደጋውን ቅጽ ማን ሞላ? እኔ። "ኳስ ሲጫወት ወድቆ።" በራሴ ጽሕፈት፣ በራሴ ፊርማ። ከሦስት ወር በኋላ ትምህርቱን ተወ። አስተማሪ የሚለውን አልሰማም፣ ሲስቁብኝ ግን እሰማለሁ አለ አሉ።

ይሄን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ምዕራፍ ሦስት። "ሲናደዱ እስከ አሥር ይቁጠሩ።"

"ቲቸር፣ አሥር እስክቆጥር አሥር ቡጢ እቀምሳለሁ" አለ ጎማ።

ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እውነቱን ነው እኮ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ቦክስ ውስጥ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋቸው፤ በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በአፍ ወደ ውጭ፣ ትከሻን ጥሎ፣ ዓይንን ከባለጋራው ደረት ሳይነቅሉ። አርባ አንድ ልጅ እንደ ወናፍ ሲተነፍስ... ኮሪደር ላይ ያለፈችው የሒሳብ መምህርት በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ የታች ሰፈር ልጅ የጎማን እናት ሰደበ። ጎማ ፊቱ ደም መሰለ። ከዚያ ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር። አንድ... ሁለት... ጓደኞቹ አብረው ቆጠሩ። አሥር ላይ አላቆመም! አሥራ አራት ሲደርስ ሰዳቢው ራሱ ሳቀ። ነገሩ በዚያው ሟሟ። ዳይሬክተሯ በመስኮት አይታ ኖሮ በአውራ ጣቷ "ጎበዝ" አለችኝ። እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሚስማር ከክፍል በኋላ ዕቃ ቤት መጣ። ኳስ ላስቀምጥ ብሎ ነው፣ ማንም አላዘዘውም። በሩ አጠገብ ቆመ።

"ቲቸር፣ ወንድምህን ቢገድሉብህ ትቆጥራለህ?"

ኳሱን ተቀበልኩት።

"ደሙን እንድትመልስ ማን ይጠብቅብሃል?" አልኩት። ገባው።

"ሁሉም። አጎቴ ማታ ማታ 'አንተ ወንድ ነህ ወይ?' ይለኛል። እራት ላይ። እናቴ እየሰማች።"

"አንተስ? አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

"መተኛት" አለ። "ከአምና ጀምሮ ደህና አልተኛሁም።"

አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ይሄ ልጅ ሰው ሳይገድል፣ ሰውም ሳይገድለው ይሄን ዓመት ከጨረሰ... ሌላ ምንም አልፈልግም። ምንም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ምዕራፍ አምስት፣ የተግባር ልምምድ። አንዱ ነገር ፈላጊ ይሆናል፣ አንዱ ከጠብ ይወጣል። ገጽ 31፦ "መልስ ሳይሰጡ ጀርባዎን አዙረው በእርጋታ ከቦታው ይራቁ።"

ሳነበው አንድ ነገር ጎረበጠኝ። አሠልጣኜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጀርባዬን ያዞርኩ ቀን በፎጣ ነበር የገረፈኝ። "ጀርባ የሚሰጥ የሞተ ሰው ነው!" እያለ። ግን መጽሐፍ ነው፣ ዐዋቂዎች ናቸው የጻፉት፣ እኔ ማን ነኝ? ደግሞ ነገሩ እየሠራ ነበር። ሥራዬ እየሠራ ነው ብሎ የሚኮራ ሰው ጆሮ የለውም።

ሚስማርን አወጣሁት። ጎማ ነገር ፈላጊ። መጀመሪያ ሚስማር እምቢ አለ፤ ፊቱን ሳያዞር ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። "አይደለም" አልኩት። "አዙር። ተረጋግተህ ሂድ። እንዳልፈራህ ይወቅ።" ደገመው። አሁንም ትከሻው ወደ ኋላ ይሰረቃል። "ደግመው።" ስምንት ጊዜ አስደገምኩት። በስምንተኛው ጥርት አድርጎ ሠራው፤ ቀና ብሎ፣ ዞር ሳይል፣ እስከ በሩ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሚስማር ፈገግ ሲል መጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብ የለም። ባለቤቴ "ሥራ አስፈታኸኝ እኮ" አለች። ከበላይ ቢሮ ሊጎበኙን ነው። ዳይሬክተሯ ዘጠነኛ ሐን ቀለም ልታስቀባ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

እጄ ላይ የደረቀ ደም አለ። ታጠብኩ፣ ጥፍሬ ሥር ቀርቷል። የኔ አይደለም።

በቅደም ተከተል ልጻፍ... መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ተማሪ እየወጣ ነው። እኔ በሩ ውስጥ፣ ከዘበኛው አጠገብ። ሞኖ ከመንገዱ ማዶ ከሦስት ጋር ቆሟል። ሚስማር ሲወጣ መንገዱን ዘጋበት። የሚሉት ይሰማኛል። ሞኖ ስለ ወንድሙ ነው የሚያወራው። "ጭንቅላቱ እንደ ምን ጮኸ መሰለህ?" አለው። ይሄን አለው። ሰው ለሰው ይሄን ይላል?

ሚስማር ቡጢውን ጨበጠ። ትከሻው ተነሳ። ከዚያ ወረደ... ተነፈሰ። በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በአፍ ወደ ውጭ። እና ዞረ። ቀና ብሎ፣ ወደ ኋላ ሳያይ። ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። አየኝ። ዓይኑ "አየኸኝ?" ይል ነበር።

አምስት እርምጃ። ሞኖ በሦስት ዝላይ ደረሰበት። መጀመሪያ የመታው ነው የመሰለኝ። እጁ ከጎኑ ሲወጣ ነው ቢላውን ያየሁት። ደግሞ ገባ። ሚስማር ድምፅ እንኳ አላወጣም፣ በጉልበቱ ወደቀ። ጃኬቴን ቁስሉ ላይ ጫንኩት፣ በጣቶቼ መሃል ይፈላል፣ ሙቅ ነው፣ አይቆምም። ዘበኛው "ኡ ኡ" ይላል። ልጆች ይሮጣሉ። ሚስማር ፊቱን አስፋልቱ ላይ እንዳደረገ አንድ ነገር ይለኛል፣ ጎንበስ አልኩ።

"ዞር አላልኩም፣ ቲቸር። ወደ ኋላ አላየሁም።"

ዓርብ፣ ኅዳር 6

በሕይወት አለ። ጣፊያው ወጥቷል። ቢላው ሁለተኛ ሲገባ ኩላሊቱን ለጥቂት ነው የሳተው። የተቀበለችው ባለቤቴ ናት። ዩኒፎርሙን ስታይ ከኔ ትምህርት ቤት መሆኑን አወቀች አሉ።

አጎቱ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ግዙፍ ሰው ነው፣ ግራጫ ኮት የለበሰ።

"ጀርባ መስጠት ያስተማርከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

ፊቴ ላይ ተፋ። አልጠረግኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሞኖን አገኘሁት። ፖሊስ ይፈልገዋል፣ እኔ ቀደምኩ። ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ፣ ተጀምሮ የቀረ የጡብ ቤት አለ። ጣሪያ የለውም። ብቻውን ነበር። ዳቦ ይበላል።

ልይዘው ብቻ ነው የሄድኩት... ብዬ ልጽፍ ነበር። ውሸት። ልመታው ነው የሄድኩት። ከቤት ስወጣ ቀለበቴን አውልቄ ኪሴ ከትቻለሁ። ይሄን የሚያደርግ ምን ሊያደርግ እንደሚሄድ ያውቃል።

ሲያየኝ ቢላውን አወጣ። ክንዴን ሰነጠቀኝ፣ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ። አላመመኝም። ግራዬን ጉበቱ ላይ፣ ቀኜን አገጩ ላይ። ሦስተኛው አፍንጫው ላይ፣ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ። በአራተኛው ቢላው ወደቀ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አምስት። ስድስት። ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እንዳይወድቅ በግራዬ ይዤ። ሰባት። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። ቆጥሬያለሁ እኮ! እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ በቡጢ።

አሥራ አንደኛውን ሳነሳ ሁለት እጁን ቀኝ ጆሮው ላይ ከደነ። ፊቱን አይደለም። ጆሮውን።

"ግራውን ወስደሃል" አለ። አፉ በደም ተሞልቶ ነው። "ቀኙን ተውልኝ።"

እጄ እንደተነሳ ቀረ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። የመኪና ማጠቢያው ልጆች ሰምተው ፖሊስ ጠርተው ኖሮ መጡ። "ጀግና!" አለኝ አንዱ ፖሊስ። መዝገቡ ላይ "ራሱን ሲከላከል" ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ደግሞ ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዘበኛው እንደ ጄኔራል ሰላምታ ሰጠኝ። መምህራን ክፍል ስገባ ተጨበጨበ። የሒሳብ መምህርቷ ሻይ አመጣችልኝ። የሚስማር አጎት በዘበኛው በኩል "ይቅር በለኝ፣ ወንድ ነህ" ብሎ ላከብኝ። ዘጠነኛ ሐ ስገባ ደግሞ ጠረጴዛ እየደበደቡ፦ ቡ-ጢ! ቡ-ጢ! የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም ባንድ ድምፅ። አንድ ወር ሙሉ አንድ ላይ ላደርጋቸው ለፋሁ... ይኸው አንድ ሆኑ።

የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ሁሉም ይልስ ነበር።

ጎማ ብቻ አልጮኸም። እጁን አወጣ። ሊያሾፍ መስሎኝ ነበር፣ ፊቱ ግን የምሩን ነው።

"ቲቸር፣ ያደረግኸው ነገር ገጽ ስንት ላይ ነው ያለው?"

ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሚስማር መናገር ጀመረ። ቱቦው ከአፍንጫው ወጥቷል። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፣ መብላት አይችልም።

"ልክ አልሠራሁትም እንዴ?" አለኝ። "እንዳስተማርከኝ ነው የዞርኩት።"

"ልክ ሠርተሃል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

ጣሪያውን አየ። "ሞኖን አድቅቀኸዋል አሉ።"

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ታዲያ እኔ ለምን ዞርኩ?"

አጎቱ ትናንት መጥቶ ነበር። ከአልጋው ሲነሳ ምን እንደሚጠበቅበት ነግሮታል። ሞኖ ቢታሰር እንኳ ታናሽ ወንድም አለው። ሰባተኛ ክፍል ነው፣ የኛው ተማሪ። "እሱን" አለ ሚስማር። ውሃ አምጣ እንደሚል ሰው፣ በዚያ ድምፅ። ነጠላ ቃል። ወንድም በወንድም መሆኑ ነው። ልጁን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት፣ ትልቅ ቦርሳ የሚይዝ፣ ጫማው የሰፋው...

ከሰዓት አንዲት የፍርድ ቤት ማኅበራዊ ሠራተኛ ትምህርት ቤት መጣች። የሞኖ ጉዳይ በወጣት አጥፊዎች ችሎት ይታይ ወይስ እንደ ዐዋቂ ይታይ የሚለውን ዳኛው ገና አልወሰኑም። እንደ ዐዋቂ ከታየ ዕድሜው እስር ቤት ያልቃል። ፋይሉን ከፍታ ጠየቀችኝ።

"ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አልኳት።

ጻፈችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለባለቤቴ ነገርኳት። የክንዴን ስፌት እየፈታች ሳለ። ጥፊውን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ቅጹን፣ አሥሩን ቡጢ፣ ትናንት "አላውቅም" ያልኩትን። አንዱንም አላስቀረሁም።

መቀሱን አስቀመጠች።

"ያን ልጅ ጆሮውን ያጠብኩለት እኔ ነበርኩ" አለች። "ያኔ ክሊኒክ ነበር የምሠራው። 'እንዴት ወደቅህ፣ የኔ ልጅ?' ብዬ ጠየቅኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። የማን ሚስት እንደሆንኩ ያውቅ ነበር ማለት ነው።"

ስፌቱን ፈትታ ጨረሰች፣ ንጹሕ አድርጋ። ትራሷን ይዛ ሳሎን ሄደች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ስድስት ቀን። "እህ" እና "እሺ" ብቻ። ዛሬ ሻይ ስትቀዳ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦

"ብትናገር ከሥራ ይባርሩሃል?"

"ይባርሩኛል።"

"ሊከሱህም ይችላሉ።"

"ይችላሉ።"

"እሺ። የኔ ደሞዝ አለ።" ኩባያውን ፊቴ አስቀመጠች። "ካልተናገርክ ግን እኔ እዚህ ቤት የለሁም።"

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ለሚስማር ነገርኩት። ከችሎቱ በፊት ከኔ አፍ እንዲሰማ ብዬ። ቢላውን የሳለው ማን እንደሆነ ይወቅ። ሞኖን እዚያ በር ላይ ያቆመው ማን እንደሆነ።

ሲሰማ ቆየ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ጎድጓዳ ሳህን አንስቶ ወረወረብኝ። ግንባሬን ፈለጠኝ። ሲወረውር ስፌቱ ሳበው መሰለኝ፣ እሱ ነው የጮኸው። ነርሶች ሮጠው ገቡ። በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ያለቅሳል፣ ይሳደባል። "አንተን ነበር መውጋት የነበረበት!" ይላል።

ልክ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ለዳይሬክተሯ በጽሑፍ ሰጠኋት። ሁለት ገጽ። አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"እንግዶቹ ሰኞ ነው የሚመጡት" አለች መጀመሪያ። ከዚያ በራሷ አፈረች መሰለኝ። "ቁጭ በል። ሻይ ትጠጣለህ?" አለችኝ። የእገዳ ደብዳቤዬን እዚያው ራሷ ተየበችው። ፊሽካዬን አስረከብኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ችሎቱ ዛሬ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ስድስት አግዳሚ ወንበር። ሞኖ አፍንጫው ጠሟል፣ ከፊቱ ላይ ቢጫው ገና አልጠፋም። እናቱ መጨረሻ ወንበር ላይ። ልባሽ ልብስ ትሸጣለች፤ ከገበያ ቀጥታ መጥታ መሰለኝ የሜትር ገመዷ አንገቷ ላይ ነው። ሚስማር ከአጎቱ ጋር፣ ጎኑን ደግፎ።

ዳኛው የማውቀውን ጠየቁኝ። የመውጋቱን ተናገርኩ። ከዚያ "ሌላም አለ" አልኩ። ጥፊውን ተናገርኩ። ዕቃ ቤቱን። ቅጹን። ቢላው በአራተኛው እንደወደቀና እኔ እስከ አሥር እንደቀጠልኩ። የቦክስ ሪንግ ውስጥ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አቃቤ ሕጉ "እርስዎ ምስክር ነዎት ወይስ ተከሳሽ?" አሉ። "ሁለቱንም" አልኳቸው።

የሚስማር አጎት ተነሳ። "ታዲያ ይሄ የልጄን ደም ይመልሳል?" እያለ ይጮኻል። ሚስማር ኮቱን ጎተተው።

"ተቀመጥ፣ አጎቴ።"

"ምን?"

"ተቀመጥ አልኩህ። በኔ ይብቃ። ትንሹን ልጅ አልነካውም።"

አጎቱ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ። ሚስማር ወደ እኔ አላየም። ይቅር አላለኝም፣ አይልም፣ አልጠብቅምም።

የሞኖ ጉዳይ በወጣቶቹ ችሎት እንዲታይ ተወሰነ። ይታሰራል፣ ማረሚያ ትምህርት ቤት ነው የሚገባው። ሲያወጡት በአጠገቤ አለፈ።

ደጅ ላይ እናቱ ጠበቀችኝ። ሰው ሞልቷል፣ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። እናትየዋ ቀስ ብላ መጣችና መታችኝ። በሙሉ እጇ። ደገመችኝ። ሦስተኛው ከንፈሬን ከፈለው። ሁለቱም እጆቼ ጎኔ ላይ ነበሩ። አልተነሱም። አስቤበት አይደለም፣ ቆጥሬም አይደለም። ባለቤቴ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው።

አራተኛው ላይ ሴትዮዋ ደከማት። ሸሚዜን ይዛ ቀረች።

"የኔ እጅ ነበር የመሰለኝ" አለች።

አልገባኝም።

"ያን ቀን ከትምህርት ቤት ረብሿል ብለው ልከውብኝ፣ አሳፈርከኝ ብዬ ማታ እኔም መታሁት። በጥፊ። በማግስቱ ጆሮው ደማ። ወደቅሁ ሲለኝ... ለኔ ብሎ የዋሸ መሰለኝ። እኔን ሊደብቅልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ እያልኩ! ትምህርቱን ሲተው በምን አፌ ልቆጣው? ቢላ ይዞ ሲገባ እያየሁ በምን አፌ? 'ተው' ልለው አፌን እከፍታለሁ፣ እጄን አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ..."

ሸሚዜን ለቀቀችው። የሜትር ገመዷን አስተካክላ ሄደች።

ይሄን አላውቅም ነበር። ጆሮውን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር።